ፈርሂያ በእጇ የላከችልዎ

መካነ ሰላም፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ

ውድ እማማ ሀጀራ፣

እንደምን ሰነበቱ ብዬ ልጀምር አልኩና እጄ እምቢ አለኝ። ካረፉ ዓመት ሊሞላዎ ነው፤ ለሞተ ሰው ደብዳቤ ሲጻፍ ምን ተብሎ እንደሚጀመር ያስተማረኝ የለም። ደግሞ እርስዎ ፊደል አልቆጠሩም። በሕይወት ቢኖሩም ይህን ወረቀት ይዤ አጥሩን ዞሬ መጥቼ የማነብልዎ እኔው ጎረቤትዎ ነበርኩ። ስለዚህ አጠገብዎ ቁጭ ብዬ እንደማነብልዎ አድርጌ እጽፋለሁ።

የምጽፈው ልጅዎ ፈርሂያ በእኔ በኩል አንድ ነገር ስለጠየቀችዎ ነው። መልሱን ነገ ዓርብ ትጠብቃለች። መልሱ ደግሞ የእርስዎ እንጂ የእኔ አይደለም። እኔ ምን እንደማደርግ አላውቅም፤ የሚያውቅም ሰው አላገኘሁም።

ከሥሩ ልንገርዎ፤ እርስዎ ከሄዱ በኋላ የሆነውን አያውቁምና። ሳይታመሙ፣ ሰው ሳይሰናበቱ፣ ከገበያ ተመልሰው ደጃፍ ላይ አረፍ እንዳሉ አረፉ። የተቀበሩ ዕለት ወንድምዎ ሸህ ባህሩ ሰዉን ሰብስበው "ለፈርሂያ በስልክ ይነገራት የሚል ካለ አሁን ይናገር፤ ነገ አልሰማም" አሉ። ማንም አልተናገረም። መርዶ ጎህ ሲቀድ ነው። ሽማግሌ ከፊት ይሄዳል፣ ሴቶች ከኋላ ይከተላሉ፣ የምትወድቀዋን የሚይዝ እጅ አስቀድሞ ይዘጋጃል። ደግሞ የየሺእመቤትን ልጅ ሁላችንም እናስታውሳለን። እሷም እንደ ፈርሂያ ዓረብ አገር ሆና የአባቷን ሞት በስልክ ብትሰማ ጮኸች፤ አሠሪዎቿ አበደች ብለው ክፍል ቆለፉባት። ዛሬም መንገድ ላይ ሰው ጮክ ብሎ ከጠራት ትደነብራለች። ሸህ ባህሩ "የሚለቀስበት ቤት ወደሌለበት አገር መርዶ አይላክም፤ ስትመጣ በወጉ ይነገራታል" አሉና ዱዓ አደረጉ። እኔም ከሁሉም ጋር አሚን አልኩ። ያን ጊዜ ትክክል መስሎኝ ነበር፤ አሁንም ትክክል ይመስለኛል።

የስልኩ ነገር ግን ቀረ። "እማን አቅርቡልኝ" ስትል ምን ትባል? ልጅዎ አሚራ ሲጨንቃት "እህቴ፣ የእማ ጆሮ ደንቁሯል፤ ስልክ አይሰማትም" አለቻት። እርስዎ! ቅቤ ተራ ተቀምጠው ከወዲያ ማዶ ያለች ሴት ስለ ቅቤዎ ምን ብላ እንዳንሾካሾከች ይሰሙ የነበሩት! ቢሰሙ ኖሮ አሚራን በኩርኩም ነበር። ምስል ያለውን ስልክ ደግሞ ድሮውንም እንደማይወዱ ፈርሂያ ታውቃለች፤ "ሰው መስታወት ውስጥ ገብቶ ሲያወራ ጅን ይመስለኛል" ይሏት ነበር። ስለዚህ አመነች፣ ወይም ያመነች መሰለን።

በዚያው ሰሞን ለእኔ የክረምት ሥልጠና መጣልኝ። መስማት የተሳናቸውን ልጆች እንደማስተምር ያውቃሉ፤ "መንግሥት ደመወዝ የሚከፍልሽ እጅሽን ለማወዛወዝ ነው?" እያሉ ይስቁብኝ አልነበር? የዚያኑ ሙያ ለማሻሻል ከተለያየ አገር የተውጣጡ መምህራን አማን፣ ዮርዳኖስ፣ ይሰበሰባሉ ተባለ። ፈርሂያ ያለችበት ከተማ መሆኑን ሸህ ባህሩ ሲሰሙ፣ አሚራን አስከትለው፣ የቅቤ ጣሳ አስይዘው ቤቴ መጡ።

"ሙሉሐረግ፣ አንቺ ክርስቲያን ነሽ እኔ እስላም፤ ቃል ግን አንድ ነው" አሉኝ። "እንዳትነግሪያት።"

"ከጠየቀችኝስ ሸህ ባህሩ? ልዋሻት?"

"እንዳትዋሻትም። ዝም በይ።"

እሺ አልኩ። ዝም ማለት ቀላል መስሎኝ ነበር።

አማን ኮረብታ ላይ ኮረብታ ናት። ቤቱ ሁሉ ነጭ ድንጋይ፣ ከሰፈር ሰፈር የሚያገናኘው ማለቂያ የሌለው ደረጃ። እዚህ መካነ ሰላም ጉምና ጭቃው ሰውን ቤት ሲያስቀምጥ፣ እኔ እዚያ አንድ ደመና በሌለበት ሰማይ ሥር ስጠበስ ከረምኩ። አስተማሪያችን ራሱ መስማት የተሳነው ሰው ነበር፤ ሲስቅ የሳቁን መጠን ስለማያውቀው ሕንፃው ይናጋል። በመጀመሪያው ሳምንት ያስተማረን እጅ አልነበረም፣ ፊት ነበር። ፊት ካልተናገረ እጅ ብቻውን ዲዳ ነው አለን በእጁ። አብራኝ የምታድረው ኢጅላል የምትባል ከኦምዱርማን የመጣች ሱዳናዊት መምህርት ነበረች፤ ረጅም፣ ሻይዋን በስኳር የምታደነዝዝ፣ ሳቂታ። የመጣችው ከጦርነት ነው፤ እኔ ይህን ያወቅሁት ቆይቼ ነው።

የመጀመሪያው ዓርብ ላይ ፈርሂያ ደረጃውን እየሮጠች ወርዳ መጣች። ወፍራለች እማማ ሀጀራ፤ ደስ ይበልዎት። ጥቁር አባያዋን እየሰበሰበች፣ ትከሻዬን እየሳመች፣ የእኔን ደኅንነት እንኳ ሳትጠይቅ "እትዬ ሙሉ፣ እማ እንዴት ናት?" አለችኝ።

"ሰፈሩ ሁሉ ሰላም ብሎሻል" አልኳት። እውነት ነው፤ ብሏታል።

ከዚያ ቅቤውን ሰጠኋት። ስንመክር፣ ቃል ስንገባባ፣ ዱዓ ስናደርግ፣ ማናችንም ያላሰብነው ነገር ይህ ነበር። ክዳኑን ከፍታ እንደ እርስዎ አፍንጫዋን ወደ ውስጥ ሰደደች። 

"ኮረሪማ በዝቶበታል" አለች።

"አሚራ ናት ያነጠረችው።"

"እማ እያለች አሚራን ምን አግብቷት ቅቤ ታነጥራለች?"

እኔ ዝም አልኩ፣ እንደታዘዝኩት። እሷም ጣሳውን ከደነች፣ በመዳፏ ጫን ጫን አድርጋ አጠበቀችውና ስለ አውሮፕላኑ ጠየቀችኝ። ከሞቱ በኋላ በእርስዎ ቤት የተነጠረ ቅቤ ይዞ ወደ እርስዎ ልጅ መሄድ! ከእኛ ሌላ እንዲህ ያለ ስሕተት የሚሠራ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ስንለያይ ምን እንደምማር ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ፊቷ በራ።

"በእጅ ማውራት? ታዲያ ለእኔ አስተምሪኛ! ስትመለሺ ደግሞ ለእማ ታስተምሪልኛለሽ። እኔ ከዚህ፣ እሷ ከዚያ፣ በእጃችን እንጨዋወታለን። ስልኩን አሚራ ትይዝላታለች። በአላህ እትዬ ሙሉ፣ እምቢ እንዳትይኝ!"

ምን ማድረግ ነበረብኝ? እምቢ ብል ለምን ትላለች፤ ለምን ካለች መርዶው በዚያው አለቀ። እሺ ብል ደግሞ መቃብር ውስጥ ላለ ሰው ቋንቋ አስተምሬ ልመለስ ነው። ከሁለት ያጣ ጎመን ሆኜ እዚያው ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩና "እናት" የሚለውን ምልክት አሳየኋት።

ከዚያ በኋላ በየዓርቡ ነው። የምታገለግላት አንዲት አሮጊት ነበረች፤ ሐጃ ትላታለች። ሐጃ ከመታመሟ የተነሣ ከፈርሂያ እጅ ካልሆነ አትጎርስም። ልጇ ደግ ሰው ነው፤ ቤቱ ድረስ እንድመጣ ፈቀደልኝ። በመስኮቱ አጠገብ እኔ ሳስተምር፣ ፈርሂያ በአንድ እጇ ምልክቱን ትለማመዳለች፣ በሌላው ሾርባ ታጎርሳለች። ሐጃም ተማረች! "ብይ" የሚለውን ምልክት ካላየች አፏን አትከፍትም ሆነ። ያን ቀን የሳቅነው ሳቅ አሁንም ትዝ ይለኛል። ፈርሂያ ከክፍሌ መምህራን ሁሉ ፈጠነች። ናፈቅሽኝ፣ በላሽ ወይ፣ ጉልበትሽን አመመሽ ወይ፣ ገበያ ወጣሽ ወይ። የምትጠይቀኝ ቃል ሁሉ ከእርስዎ ጋር የሚወራ ነበር። ፊትንም አስተማርኳት፤ እጅሽ የሚለውን ፊትሽ ካላለው አይቆጠርም አልኳት። በገዛ ምላሴ።

አንድ ቀን አስተማሪያችን ክፍል ውስጥ "ደስታ" የሚለውን ስሠራ አስቆመኝ። "እጅሽ ደስ ብሎኛል ይላል፣ ፊትሽ ለቅሶ ቤት ነው። የቱን ልመን?" አለኝ በእጁ፤ ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። ኢጅላል ግን አልሳቀችም። ማታ ራት ስንበላ ምን ሆነሻል አለችኝ፤ በእንግሊዝኛና በእጅ እያቀላቀልኩ ሁሉን ነገርኳት።

"ንገሪያት" አለችኝ። "እኛም እንደናንተ ወግ ነበረን። የወንድሜን ሞት ግን የሰማሁት ዳቦ ቤት ተሰልፌ፣ በስልክ ነው። አልወደቅሁም። ተራዬን እንኳ አልለቀቅሁም፤ ዳቦዬን ገዝቼ ነው የሄድኩት።" ሻይዋን አማሰለች፣ አማሰለች። ከዚያ ደግሞ "አይ፣ ተይ። አትንገሪያት። አንድ ሽማግሌ በሬን አንኳኩቶ ቢነግረኝ ኖሮ ምናልባት አለቅስ ነበር። እስካሁን አላለቀስኩም" አለች። ስለዚህ ጉዳይ ሁለተኛ አላወራንም።

ትምህርቱ ሊያልቅ ሲል ሙት ባሕር ወሰዱን። ለፈርሂያ አስፈቅጄ ይዣት ሄድኩ። የባሕሩ ውሃ ሰው አያሰጥምም፤ ጨው ነው፣ እንደ ገለባ ያንሳፍፋል። ፈርሂያ ከነአባያዋ በጀርባዋ ተንጋልላ "ይሄን ሁሉ ጨው ለአገራችን ለቦረና ገበያ ባወረዱት! ያ ሁሉ ግመልና አህያ በከንቱ ነው የለፋው!" እያለች ሳቀች። ኢጅላልም፣ አስተማሪውም፣ ሁላችንም እንደ ሕፃን ተንሳፈፍን። እኔ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

ወጥተን ዳር ላይ ተቀመጥን። ጨው ክንዳችን ላይ እየደረቀ ያሳክካል። ፈርሂያ ፊቴን ታየኛለች። ብዙ አየችኝ።

"እትዬ ሙሉ፣ እማ . . ." አለችና አቆመች። ከዚያ እጇን ሰድዳ አፌን በመዳፏ ከደነችው። "ተይው። እንዳትነግሪኝ። ዛሬ ማታ ሐጃን የማበላት እኔ ነኝ፤ ነገም እኔ ነኝ። የማለቅስበት ቤት የለኝም።"

እጇ አፌ ላይ ነበር። ዝም በይ የተባልኩት ከአገር ቤት ነበር፤ አሁን ደግሞ ከእሷም ተባልኩ። አውቶቡሱ ሲጠራን ተነሥታ አሸዋዬን አራገፈችልኝና "ና" እና "ሂድ" የሚባሉት ምልክቶች ለምን እንደሚመሳሰሉ ጠየቀችኝ። እያስረዳኋት ተሳፈርን።

የመለያያችን ዕለት የሐጃ ልጅ መጣ። ፈርሂያ ከእኔ ጋር ሄዳ አንድ ወር አገሯ እንድትቀመጥ፣ የጉዞዋን እሱ እንደሚችል፣ እናቱን እህቱ መጥታ እንደምትይዝ ነገረን። ሁሉም ነገር በወጉ ሊያልቅ ነው አልኩ፤ ሸህ ባህሩ ከፊት፣ እኛ ከኋላ፣ አሚራ በሩ ላይ። ፈርሂያ ግን አመሰገነችውና አልሄድም አለች። ሰውዬው ከወጣ በኋላ ተቆጣኋት፤ "ምን ሆነሽ ነው? አብደሻል?" አልኳት።

"አላበድኩም" አለችኝ በቀስታ። "እኔ ካልሄድኩ እማ አለች። ከሄድኩ ግን ጎህ ሲቀድ በሩ ይንኳኳል።"

አቅፋ ሳመችኝና ሐጃን ልታበላ ገባች።

ተመልሼ ይህን ለሸህ ባህሩ ስነግራቸው የሚቆጥሩት ሙስበሃ እጃቸው ላይ ቆመ። ታውቂያቸዋለሽ፣ ይቅርታ፣ ያውቋቸዋል፤ መልስ አጥተው የማያውቁ ሰው ናቸው። "እኛ ስትመጣ እንንገራት አልን፤ እሷ እንዳይነገራት ብላ አትመጣም" አሉ። "ያ ረቢ!"

"ታዲያ ምን ይሻላል ሸህ ባህሩ? በስልክ ይነገራት?"

"አይሆንም።"

"ዝም ይባል?"

"እሱም አይሆንም። እኔ እንጃ ልጄ።"

ደክመዋል፤ ሳሉም ጠንቶባቸዋል። እኔ ሳልሞት በወጉ በነገርኳት ይላሉ፤ ሌላ የሚሉት የለም። አሚራ ደግሞ እርስዎ ሲያነጥሩት የነበረውን ቅቤ መልሳ መላልሳ ትሞክራለች፣ ኮረሪማውን ትቀንሳለች፣ ኮሰረቱን ትጨምራለች። ጥፋቱ የቅቤው ይመስል።

ፈርሂያ ከዚያ ወዲህ በየዓርቡ በስልኬ ምስሏን ትልክልኛለች። ድምፅ የለውም፤ እጇና ፊቷ ብቻ። ለእርስዎ ነው የምታወራው። ሐጃ ዛሬ ጥሩ በላች፣ ብርዱ ገባ፣ ጉልበትሽን በቅቤ ታሺ፣ የአሚራ ልጅ ፈተናውን አለፈ ወይ። መጨረሻው ላይ ለእኔ "አሳየሻት?" ትለኛለች። እኔ የምጽፍላት ሁሌ አንድ ቃል ነው፤ "ደርሶኛል" እላታለሁ። ውሸት አይደለም፤ እውነትም አይደለም። አርፋለሁ ብዬ እንጂ አላረፍኩበትም።

ባለፈው ዓርብ የላከችው ግን አጭር ነበር። ስለ ብርዱ አላወራችም፣ ስለ ሐጃም አላወራችም። አየችኝ፣ ማለቴ አየችዎ፣ ከዚያ በእጇ እንዲህ አለች፦ "እማ፣ ሳትመርቂኝ ሄድኩ። አፉ በይኝ።" ለእኔ ደግሞ "የምትለውን ዓርብ ላኪልኝ" ብላ ጻፈችልኝ።

ስለ ምን እንደሆነ እርስዎም እኔም እናውቃለን። ፈርሂያ የሄደችው እምቢ እያሉ ነው። "ብትሄጂ እኔ እናትሽ አይደለሁም" ብለዋት ነበር። መኪናው ሰፈር ድረስ መጥቶ ጥሩንባ ሲነፋ፣ ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ ሲሸኛት፣ እርስዎ ደጃፍዎን ዘግተው አልወጡም። ዞር ዞር እያለች በሩን እያየች ነው የገባችው። ከዚያም ወዲህ በስልክ ስታወሩ ስለ ገንዘቡም ስለ ጤናውም አውርታችኋል እንጂ ይህን አንሥታችሁ አታውቁም። ሰው ሊያርፍ ሲል አፉ ይባባላል፣ ይቅር ይባባላል፤ እርስዎ ደግሞ ማንንም ሳያስጠሩ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሄዱ።

አሁን ምን ልበላት እማማ ሀጀራ? "አፉ ብላሻለች" ብዬ ብልክ፣ በሕይወት አለች ማለቴ ነው። እሷም እዚያው ትቀራለች፣ ሸህ ባህሩም ይሞታሉ፣ በሩም ሳይንኳኳ ይኖራል። ከዚያም በላይ የእርስዎን አፉታ እኔ ማን ነኝና እሰጣለሁ? ዝም ብል ደግሞ፣ ዝምታው ራሱ መርዶ ነው፤ ያውም ብቻዋን ስልክ ይዛ የምትሰማው መርዶ። "ደርሶኛል" ብል እናቴ አኩርፋ ቀረች ትላለች። ይህን ሳምንት እንጀራ አልበላሁም ብልዎ ማጋነን አይደለም። ከክፍል ወጥቼ ስሄድ ተማሪዎቼ እርስ በርሳቸው "ቲቸር ምን ሆነች?" ይባባላሉ፤ በእጃቸው ስለሆነ የማላይ ይመስላቸዋል።

አንድ ነገር ግን አለ። ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ለእርስዎም አፍሬ አልነገርኩዎም። ያን ፈርሂያ የሄደችበት ቀን መኪናው ጥግ ሲዞር እኔ ዘግይቼ ነበር የወጣሁት። በአጥራችን ክፍተት ወደ እርስዎ ግቢ ስመለከት፣ በጓሮው በኩል ወጥተው፣ በባዶ እግርዎ፣ አጥሩን በሁለት እጅዎ ይዘው ቆመው አየሁዎ። መኪናው ቁልቁለቱን ሲወርድ፣ ድልድዩ ጋ ሲደርስ፣ ማዶ ዳገቱን ሲወጣ፣ አልተንቀሳቀሱም። አቧራው ከጠፋም በኋላ ቆመው ነበር። ከንፈርዎ ይንቀሳቀስ ነበር። ምን እያሉ እንደነበር አልሰማሁም፤ የሚረግም ሰው ግን አጥር ይዞ እንደዚያ አይቆምም።

ነገ ይህንን እልክላታለሁ። ያየሁትን ብቻ፣ በእጄ፣ አንድም ሳልጨምር። አለች አልልም፣ የለችም አልልም፣ አፉ ብላሻለች አልልም። ምን እንደምትረዳ አላውቅም። ትምጣ፣ ትቅር፣ አላውቅም። አንድ ቀን ተነሥታ ከመጣች ጎህ ሲቀድ ከሸህ ባህሩ ኋላ የምቆም እኔ ነኝ፤ ስትወድቅ የሚይዛት እጅ የእኔ እጅ ይሆናል። ይህን ቃል እገባልዎታለሁ።

ምናልባት ሰው እንዲያይብዎ አይፈልጉም ነበር። በጓሮ የወጡት ለዚያ ነው። የደበቁትን አውጥቼ ለልጅዎ በመላኬ ከተቆጡኝ እርስዎም አፉ ይበሉኝ።

ጎረቤትዎ
ሙሉሐረግ